ባዳቾ የመዘነው ድመት

እኔ ሦስት ፕሮፎርማ ሳይሰበሰብ አንድ ካርቶን እስክሪብቶ የማላስገዛ ሴት ነኝ። ሶዶ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ሠራተኛ ሆኜ አሥራ አራት ዓመት ስሠራ፣ ደረሰኝ ገልብጬ፣ ማህተም ወደ መስኮት አንስቼ፣ ፊርማን ከፊርማ አስተያይቼ ነው የኖርኩት። «አሳየሽ ካሳለፈችው ኦዲተርም ያሳልፈዋል» ይባላል ቢሮ ውስጥ። ይህን የማወራው ለመኩራራት አይደለም። በቴሌግራም ድመት ገዝታ የተታለለችው ይህችው ሴት መሆኗ እንዲታወቅ ነው።

መታለሌ ግን አይደለም የሚያንገበግበኝ። ሰው ይታለላል፤ ሁለት ቀን ይበሳጭና ይረሳዋል። የሚያንገበግበኝ አባቴ ላይ የሠራሁት ነው።

አባቴ ባዳቾ የሻንቶ ሰው ነው፤ በሬ አደላቢ። እኛ አገር በሬ ማድለብ እንዲሁ ከብት ማርባት አይደለም። ከስቶ የተገዛው በሬ ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ይታሰራል፤ ወራት ሙሉ ደጅ አይወጣም። ጎደሬው፣ እኛ ቦይና የምንለው፣ ይቀቀላል፤ የስኳር ድንች ሐረግ ይታጨዳል፤ በቆሎ ይከካል፤ ሁሉም እየተድቦለቦለ በእጅ አፉ ውስጥ ይገባለታል። እናቴ በሕይወት ሳለች «እኔን እንኳ እንዲህ አጉርሶኝ አያውቅም» እያለች ትስቅ ነበር። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ የአባቴ በሬ ወደ ገበያ ሲወርድ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ያየው ነበር።

ከማድለቡም በላይ የታወቀው ግን በእጁ ነው። ሻንቶ ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ ሳይስማሙ ሲቀሩ «ባዳቾን ጥሩ» ይባላል። ይመጣል። ኮቱን አውልቆ ለቅርብ ሰው ያስይዛል። መዳፉን መጀመሪያ ሻኛው ላይ፣ ቀጥሎ ጎድኑ ላይ፣ መጨረሻ ታፋው ላይ ያሳርፋል። ከዚያ አንድ ቁጥር ይናገራል። በሬው ታርዶ ሥጋው ሲመዘን ከተናገረው ቁጥር ቢርቅ ቢርቅ አምስት ኪሎ ነው። ለዚህ ማንም ከፍሎት አያውቅም፤ እሱም ጠይቆ አያውቅም። ሰዎች ከተናገረ በኋላ አይከራከሩም፤ ይህ በቂው ነበር።

እናቴ በሞተች በዓመቱ አባቴ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ዓይኑን ቀድሞውንም ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለየው። ብቻውን መኖር ስለማይችል ሶዶ እኔ ዘንድ አመጣሁት፤ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። በረንዳው ላይ ወንበር አወጣሁለት። ከፊት ለፊቱ የዳሞታ ተራራ አለ፤ ለእሱ ግን አንድ ትልቅ ጥላ ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይውላል። ምግብ ሳቀርብለት «ለምኑ?» ይለኛል። አንድ ቀን ሁለት መዳፉን ዘርግቶ እያሻሸ «ዓይኔ ሲሄድ አልፈራሁም» አለኝ። «እጄ አለ ብዬ። የሚይዘው ያጣ እጅ ግን ይሞታል፣ አሳየሽ።» አባቴ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚናገር ሰው አይደለም። ፈራሁ።

በሬ ሦስተኛ ፎቅ አይወጣም። በግም አሰብኩ፤ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሊቀመንበር ገና ሳልጨርስ ሳቀብኝ። ይህን ጊዜ ነው ቢሮ አብራኝ የምትሠራው ብሩክታይት ስልኳን አምጥታ አንድ የቴሌግራም ቻናል ያሳየችኝ። «ሜይን ኩን» ይላል፤ የፈረንጅ ድመት ዘር ነው። ከሁለት ዓመት ልጅ የሚረዝም ድመት አንዲት ሴት በሁለት እጇ ታቅፋ ትታያለች። ወንዱ ሲያድግ አሥር ኪሎ ይገባል ተብሎ ተጽፏል። ብሩክታይት ለቀልድ ነበር ያሳየችኝ። እኔ ግን አባቴ ታየኝ። የሚደልብ፣ በእጅ የሚጎርስ፣ የሚመዘን፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣ እንስሳ።

ኅዳር ላይ ለሥልጠና አዲስ አበባ ስሄድ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ናዲያ ትባላለች፤ መልካም ሴት ትመስላለች፣ ንግግሯ የተጣራ ነው። ሶፋው ላይ እውነትም የሚያስደነግጥ ድመት ተጋድሟል። «እናቱ ናት» አለችኝ። ግልገሉን ከጓዳ አመጣችው፤ ሦስት ወሩ ነው፣ ግራጫ፣ ጸጉሩ ረዘም ያለ። ምክሩን እንደ ሐኪም ዘረዘረችው። ጸጉሩ በየቀኑ ይበጠር፤ የላም ወተት አይሰጠው፤ ደጅ አይውጣ፤ ጉበትና ዶሮ ይብላ፤ በየሳምንቱ ይመዘን፤ እስከ ሦስት ዓመቱ ማደጉን አያቆምም። ከዚያ የዘር ወረቀቱን አወጣች። በእንግሊዝኛ ነው፤ የእናትና የአባቱ ስም፣ ክብደታቸው፣ ከታች ክብ ሰማያዊ ማህተም። የውል ስምምነት ፈረምን። ደረሰኝም ቆረጠችልኝ። ደረሰኝ የሚቆርጥ የድመት ነጋዴ ማን አይቶ ያውቃል? ልቤ ሙሉ በሙሉ ያረፈው በዚያ ደረሰኝ ነው። ሌላ ሻጭ አልጠየቅሁም፣ ዋጋ አላወዳደርኩም፣ ወረቀቱንም አልገለበጥኩም።

ሶዶ ደርሼ ግልገሉን አባቴ ጭን ላይ ሳስቀምጠው እጆቹ ወዲያው ሥራ ጀመሩ። ጀርባውን ዳበሰ፣ የአንገቱን ቆዳ ሳብ አደረገ፣ የፊት እግሩን አጥንት በሁለት ጣቱ ይዞ ቆየ።

«አጥንቱ ቀጭን ነው» አለ። እኛ ቤት የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው። «ትልቅ የሚሆን እንስሳ ከእግሩ ያስታውቃል። ይሄ እዚያ አይደርስም።»

«አባባ፣ ወረቀት አለው። አባቱ አሥር ኪሎ ነው ይላል።»

«ማህተም አለው?»

«አለው።»

«የእውነት ነው?»

«እኔ እኮ የግዥ ሠራተኛ ነኝ» አልኩት። «ሐሰተኛ ወረቀት ይጠፋኛል?»

አባቴ አራት ልጆች ወልዶ ያስተማረው እኔን ብቻ ነው፤ ሦስቱ አልገፉበትም። የተማረችው ልጁ የምትለው ነገር ሁልጊዜ እሱ ከሚያውቀው ነገር በላይ ነበር። «እንግዲያው ወረቀቱ ያውቃል» አለ። «ዘር ከልጓም ይስባል።» የግልገሉን እግር ለቀቀው።

ስሙን ዳለቻ አለው፤ የበሬ ስም ነው፣ ቀለሙን ስነግረው ያወጣው። በማግስቱ ገመድ ጠየቀኝ። የሚደልብ አይዞርም አለና ለስለስ ያለ ገመድ አስሮ ከጠረጴዛው እግር ጋር አያያዘው። እንዲህስ አይሆንም ልለው አሰብኩና ናዲያም ደጅ አይውጣ ብላለች ብዬ ተውኩት። ጠዋት እኔ ጉበት ከትፌ እሄዳለሁ፤ እሱ በጣቱ እያድቦለቦለ አንድ በአንድ ያጎርሰዋል። ዳለቻ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። በሳምንቱ ግን የአባቴን ዱላ ድምፅ ሲሰማ አፉን ይከፍት ጀመር።

አባቴም አብሮ መብላት ጀመረ። ለድመቱ የተከተፈው ሲሸተው «ለእኔስ?» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ሥጋ ቤት ተሰልፌ ለድመት ጉበት መግዛቴ ከተማውን አዳርሷል። የጸሎት ቡድናችን ሴቶች «አሳየሽ፣ እኛንም ገመድ አስረሽ ቀልቢን» ይሉኛል። ቢሮ ውስጥ ስሜ ባለ ድመቷ ሆነ። እኔም ፎቶ እያሳየሁ፣ አሥር ኪሎ እያልኩ፣ ንጹሕ ዘር እያልኩ፣ የማህተሙን ነገር እያነሳሁ እጎርርባቸዋለሁ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምዘና አለ። መጀመሪያ አባቴ ዳለቻን በአንድ መዳፉ ከሆዱ ስር ያነሳውና «ሁለት ኪሎ፣ ትንሽ ፈሪ» ይላል። ከዚያ እኔ ታቅፌው ሚዛን ላይ እወጣለሁ፤ የራሴን እቀንሳለሁ። አንድ ነጥብ ዘጠኝ። በሚቀጥለው እሑድ «ሁለት፣ እንጥፍጣፊ» ይላል፤ ሚዛኑ ሁለት ነጥብ አንድ። አንድም ጊዜ አልሳተም። ቁጥሩን ስነግረው ፈገግ አይልም፤ እንደ ድሮው ራሱን አንዴ ይነቀንቅና ወንበሩ ላይ ይደገፋል። ከዚያ ሻንቶ ለሚኖረው የልጅነት ጓደኛው ለለገሰ ይደውልና ያወራል። ለገሰም በሬ አደላቢ ነው። «ድመት ታደልባለህ አሉ?» ይለዋል። «ለጊፋታ ደርሰህ እይ» ይለዋል አባቴ። እነዚያ አምስት ወራት ደስ የሚሉ ነበሩ፤ አልክድም።

ሚያዝያ ላይ ዳለቻ ቆመ። ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ላይ ቆመ። ሆዱ ወጣ፣ ቁመቱ ግን አልጨመረም። «አልጨመረም» አለኝ አባቴ በመጀመሪያው እሑድ። በሁለተኛውም እንዲያው። በአራተኛው ቁጥር ሳይናገር ድመቱን መልሶ ሰጠኝ። ጉበቱን አበዛው፣ ቀነሰው፣ እንቁላል ጨመረበት፣ ገመዱን አሳጠረው።

ግንቦት ላይ የእብድ ውሻ ክትባት እንዲከትብልን የእንስሳት ሐኪሙን ዶክተር ደግፌን ጠራሁት። የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ ለሥራ ሶዶ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ዳለቻን አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየ፣ እግሩን ጎተተ፣ ወረቀቱን አነበበ። ከዚያ ውኃ ይስጡኝ ብሎ ኩሽና ድረስ ተከተለኝ።

«ወይዘሮ አሳየሽ፣ ይሄ የእኛው አገር ድመት ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ጸጉራም ሳይሆን አይቀርም እንጂ ሜይን ኩን የሚባለው ዘንድ አልደረሰም። ዕድገቱንም ጨርሷል። ከዚህ በኋላ ስብ ካልሆነ ምንም አይጨምርም። እባካችሁ ፍቱት፣ ይሩጥ።»

«ወረቀቱስ?»

«እርስዎ ነዎት የወረቀት ሰው» አለኝ።

ወረቀቱን ወስጄ መስኮቱ ጋ አነሳሁት። ሰማያዊው ማህተም ከጽሑፉ ጋር አብሮ ከፕሪንተር የወጣ ነው። የተመታ ማህተም ወረቀቱን ይጫነዋል፤ ከጀርባው በጣት ሲነካ ይታወቃል። ይህ ጀርባው ለስላሳ ነበር። ናዲያ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ቴሌግራሙን ከፈትኩ፤ ቻናሉ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው እዚያ ኩሽና ውስጥ ትዝ አለኝ፤ ሁለቱም እኔ ጋ ነበሩ።

ከሳሎን አባቴ ተጣራ። ሐኪሙን በሚሰባብረው አማርኛው ነው ያነጋገረው። «ዶክተር፣ ይሄ ድመት እምቢ አለች። እኔ አበላለሁ፣ እሷ አይጨምርም። ንገረኝ፣ ጥፋቱ እኔ ጋ ነው?»

ዶክተር ደግፌ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔም ከአባቴ ፊት ለፊት ቆሜ፣ እንደማያየኝ እያወቅሁ፣ ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። እንዳትነግረው አልኩት።

«ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል፣ አባቴ» አለ ዶክተሩ። ክትባቱን ወግቶ፣ ሻይም ሳይጠጣ፣ ሄደ።

ያን ቀን ለራሴ የነገርኩት ለአባቴ ስል ነው ብዬ ነው። ውሸት ነው። አባቴ ድመቱ ተራ ድመት መሆኑን ቢሰማ ኖሮ ይስቅ ነበር። «አጥንቱ ቀጭን ነው አላልኩሽም?» ይለኝ ነበር፤ እጁ ከማህተም በልጦ መገኘቱ ለአንድ ዓመት ወሬ ይሆነው ነበር። እኔ ነኝ ያልቻልኩት። የተታለለችው የግዥ ሠራተኛ ወሬዋ በአንድ ቀን ከሶዶ ሻንቶ ይደርሳል። ለገሰ ለሰው ሁሉ ያወራል፣ ብሩክታይት ታውቃለች፣ የጸሎት ቡድኑ ይሰማል። ይህን ፈራሁ። ለዚህ ስል ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ ዳለቻን አነሳውና «ሦስት ተኩል፣ አይሞላም» አለ። እኔ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ቁጥሩ ሦስት ነጥብ አራት ነው።

«አራት» አልኩ።

አባቴ ወደ ድምፄ ዞረ። «አራት?»

«አራት፣ አባባ። ጨመረልህ።»

ድመቱን መልሼ እንድሰጠው እጁን ዘረጋ። አነሳው፣ አወረደው፣ እንደገና አነሳው። «ሚዛኑ ትክክል ነው?»

«ዲጂታል ነው እኮ።»

«እህ» አለ። ዲጂታል ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እኔ እንደማውቅ ግን ያውቃል። ቀስ ብሎ ፊቱ ፈካ። ያን ዕለት እራቱን ጨርሶ በላ፤ ለለገሰም ደወለ። እኔም ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ግን በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ኪሎ ይጨምር ነበር። አራት ከሩብ፣ አራት ተኩል፣ አምስት። አባቴ በየእሑዱ መጀመሪያ የራሱን ይናገራል፤ ሦስት ተኩል። እኔ የእኔን እናገራለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በእኔ ቁጥር ይደሰት ነበር። ከዚያ የራሱን ቁጥር ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ጀመረ። ከዚያ «አንቺ ቅደሚ» አለኝ። እኔ «አምስት ከሩብ» ስል መዳፉን ድመቱ ሆድ ስር ያስገባና የነገርኩትን ክብደት ይፈልገዋል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አያገኘውም።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የሽንኩርቱን ፌስታል ከእጄ ተቀበለኝ። «ሦስት ኪሎ» አለ። «መዝኚው።» መዘንኩት፤ ሦስት ነው። ስኳሩን አነሳ፤ «ሁለት።» ሁለት ነው። ከዚያ ዳለቻን አነሳና ረጅም ጊዜ ይዞት ቆየ። «ይሄ ለእኔ ሦስት ተኩል ነው» አለ። «ስንት ነው?»

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አፌ ግን ለምዶ ነበር። «አምስት ተኩል» አልኩ።

አባቴ ድመቱን አስቀመጠው። «ገባኝ» አለ። «ሽንኩርቱን ያውቃል። ስኳሩን ያውቃል። ሕይወት ያለው ነገር ላይ ነው እጄ የጠፋው።»

ከዚያ ወዲህ ምዘና ቀረ። ለለገሰም መደወል ቀረ። ጉበቱን እኔ ከሳህን ማብላት ጀመርኩ። አባቴ ገመዱን ከዳለቻ አንገት ፈታና «ይዙር፣ ምን አገባኝ» አለ። በረንዳው ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ አድርጎ። ምግብ ሳቀርብ ለምኑ ብሎ እንኳ አይጠይቅም፤ ፊቱን ያዞራል።

ነሐሴ መጨረሻ ለገሰ ራሱ ደወለ። ለጊፋታ ያደለበው በሬ አለ፤ ከአዲስ አበባ አማረ የሚባል ነጋዴ መጥቷል፤ በክብደቱ አልተስማሙም። ነጋዴው «ባዳቾ የሚባል ሰው አለ አሉ፣ እሱ ከነገረኝ እቀበላለሁ» ብሏል። ለገሰ ድምፁ በስልኩ ውስጥ ይጮኻል፤ ደስ ብሎታል። አባቴ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋው። «አሞታል በዪው።»

ያን ጠዋት ተናገርኩ። ወንበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ሁሉንም፣ ከናዲያ ጀምሬ። ማህተሙ የፕሪንተር ነው። ድመቱ ተራ ድመት ነው። ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ነው፣ ከሚያዝያ ጀምሮ። አንተ አንድ ቀን አልተሳሳትክም። እኔ ዋሸሁ፤ ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ዋሸሁ። እያለቀስኩ ነበር።

አባቴ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ራሴን ዳበሰኝ። «አንቺ ድሮም ሆደ ቡቡ ነሽ» አለ።

«እውነቴን ነው፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። ይህን የምትይው ሻንቶ እንድሄድልሽ ነው።»

«ሚዛኑን ላምጣልህ።»

«ሚዛኑን እኔ አላየው። የሚያየው ያንቺ ዓይን ነው። ትናንት አምስት ተኩል ያለው ሚዛን ዛሬ ሦስት ካለ፣ ሚዛኑ ነው የተለወጠው ወይስ አንቺ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የትኛዋን አሳየሽ ልመን?»

ዶክተር ደግፌን ልጥራልህ አልኩት። «ዶክተሩማ ጊዜ ይፈልጋል ብሎኛል» አለ። ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው አልኩት። «ሐሰተኛ ወረቀት አይጠፋኝም ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለ። ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጣኝ ደስ ባለኝ። እያንዳንዱን በር የዘጋሁት ራሴ ነኝ፣ እሱ መዘጋቱን ብቻ ነበር የሚያሳየኝ።

ግን ሄድን። ለምኜ፣ ለገሰን አስደውዬ፣ በገበያው ቀን በሚኒባስ ወሰድኩት። ተስፋዬ እጁ ነበር። በሬው ላይ ሲያርፍ ራሱ ይመሰክራል፣ ከእኔ አፍ ይልቅ እጁን ያምናል አልኩ። ከሚኒባሱ ስንወርድ ሰዎች አወቁት። «ሳሮ፣ ሳሮ» ብለው ሰላም እያሉት ከየአቅጣጫው እየመጡ ትከሻውን ይነኩታል። ዱላውን እየመታ፣ ክንዴን ይዞ፣ ድሮ የሚቆምበት ቦታ ደረሰ። አቀርቅሮ የነበረው አንገቱ ትንሽ ቀና አለ።

የለገሰ በሬ ትልቅ ነው፤ ጀርባው እንደ መደብ ተደላድሏል። ሰው ከቦ ቆመ። ነጋዴው አማረ ወጣት ነው፤ አባቴን በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። አባቴ ኮቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ። መዳፉን ሻኛው ላይ አሳረፈ። ወደ ጎድኑ ወሰደው። ታፋው ላይ ቆየ። ከዚያ ተመልሶ ሻኛው ላይ አደረገው። አባቴ ተመልሶ ሻኛ ሲነካ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቁጥር ሊል ነበር። ከፊት ለፊቱ ስለነበርኩ አይቼዋለሁ፤ ቁጥሩ አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

እጁን አነሳ።

«አላውቅም» አለ በወላይትኛ። ቀጥሎ ለነጋዴው በአማርኛ ደገመለት። «እኔ አላውቅም። ሚዛን ካለ አምጣ። ከሌለ ሌላ ሰው ጥራ።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ የአባቴ ቀልድ መስሏቸው። ለገሰም ሳቀ። «ባዳቾ፣ ቀልዱን ተውና ንገረን» አለው። አባቴ ኮቱን ፍለጋ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ይህን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ለገሰ ወደ አባቴ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ።

«አሳየሽ፣ ምን ሆነ ወንድሜ?»

የከበበው ሰው ሁሉ አየኝ። አጎቶቼ አሉ። የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አሉ። የብሩክታይት ወንድም ኩንታል ላይ ተቀምጦ ያያል። እጁ ደህና ነው፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እዚያ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብናገረው ኖሮ አባቴ ያምነኝ ነበር። ሰው ሊያጽናና ብሎ ገበያ መሃል ራሱን አያዋርድም፤ ይህን እሱ ያውቃል። እኔም አውቄዋለሁ፣ ያኔውኑ።

«አርጅቷል» አልኩ።

ለገሰ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሰው ከኋላ «ዱባለን ጥሩ» አለ፤ ሌላው ተቀብሎ ጮክ ብሎ ተጣራ። ክቡ ተበትኖ በሬው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ።

አባቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር የቆመው። ኮቱን ለበሰ፤ ቁልፎቹን ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ዘጋቸው።

«አሁን እውነቱን ነገርሽኝ» አለኝ። ከዚያ ወደ ሚኒባሱ እንድወስደው ክንዱን ሰጠኝ።